ስለ መብረቅ

ልጆች ሆይ፥ በደጋው አገራችን ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ነው። ጧት ሰማዩ ቢጠራ አትመኑት፤ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ደመና ይሰበሰባል፥ ነጐድጓድም ይሰማል።

ሁለት ወንድማማች እረኞች በመስክ ሳሉ ነጐድጓድ ተሰማ። ታናሹም፥ «ጋሼ፥ ከዝግባው ሥር እንጠለል» አለ። ታላቁ ግን፥ «አይሆንም፤ መብረቅ ረጅሙን ዛፍ ሲመታ ከሥሩ ያለውንም ይገድላል። መራስ ከመሞት ይሻላል» ብሎ እጁን ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠ። ታናሹ፥ «ላሞቹስ?» እያለ ቢያለቅስ፥ «ላም ይተካል፤ ወንድም ግን አይተካም» አለው። ዝናሙ አባርቶ ሲመለሱ ዝግባው ከራሱ እስከ ሥሩ ተሰንጥቆ አገኙት።

እናንተም ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ነጐድጓዱን እስክትሰሙ ቍጠሩ። ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳልና፥ 3 ሴኮንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 30 ሳይሞላ ከሰማችሁ አደጋው ቀርቧል። ከኮረብታ ራስ፥ ከወንዝና ከሽቦ አጥር ራቁ። ከሣር ጎጆ ይልቅ ጽኑ ቤት ወይም የተዘጋ ኦቶሞቢል ይሻላል። በቤትም ሳላችሁ ከበርና ከመስኮት ፈቀቅ በሉ፤ ከመጨረሻውም ነጐድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ታገሡ። መብረቅ የመታውን ሰው መንካት አይጐዳምና፥ ፈጥናችሁ ለእርዳታ ታላላቆችን ጥሩ።

ወላጆቹን የሚወድ ልጅ ነፍሱን ይጠብቃል፤ ታናሹንም አይተውም።