መድኃኒቱ አእምሮውን አረጋጋው፤ ሰውነቱንስ ማን ይከታተለው?

«ዶክተር፣ ልጄ መድኃኒቱን ከጀመረ ወዲህ ድምፅ መስማቱ ቆሟል፣ እንቅልፉም ተስተካክሏል። ግን በጣም ወፈረ፣ በልቶ አይጠግብም። ላቋርጠው ወይ?»

ስኪዞፍሬኒያ ያለበትን ሰው የሚያስታምሙ ቤተሰቦች ይህን ደጋግመው ይጠይቃሉ። አጭሩ መልስ፦ አያቋርጡ! ግን ዝም ብለውም አይለፉት።

📌 ለምን ያሳስበናል?
እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው በአማካይ ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ። ለብዙዎቹ ሞት ምክንያቱ እንደ ልብ በሽታ ያለ፣ ቀድሞ ቢታወቅ ሊታከም የሚችል የአካል ሕመም ነው።

📌 ከምን ይመጣል?
✅ ከመድኃኒቱ፦ በተለይ ኦላንዛፒን እና ክሎዛፒን የምግብ ፍላጎትን፣ ክብደትን፣ ስኳርንና የደም ቅባትን ይጨምራሉ። ሪስፐሪዶን መካከለኛ ነው፤ ሃሎፔሪዶል በዚህ በኩል ቀለል ይላል።
✅ ከአኗኗር፦ ሕመሙ ራሱ ተነሳሽነትን ይቀንሳል። ተኝቶ መዋል፣ ለስላሳ መጠጥና ሲጋራ ሲጨመሩበት ይብሳል።
✅ ከቸልታ፦ ታማሚው «ደከመኝ፣ ውኃ ይጠማኛል» ሲል «ያው ሕመሙ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

📌 ምን ይለካ?
ክብደት፣ የወገብ ልክ፣ የደም ግፊት፣ በባዶ ሆድ የሚለካ ስኳር እና የደም ቅባት። እነዚህ መድኃኒቱ ሲጀመር፣ ከ3 ወር በኋላ፣ ከዚያም ቢያንስ በዓመት አንዴ ይታያሉ። ክብደት ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት በየወሩ ይመዘን። 60 ኪሎ የነበረ ሰው 3 ኪሎ ከጨመረ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ቦርጭ እስኪወጣ አይጠብቁ። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር ከ100 እስከ 125 ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው፤ 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ደግሞ ስኳር በሽታ ነው።

📌 ቤተሰብ ምን ያድርግ?
👉 «ውጣና ተራመድ» ከማለት አብረውት ይውጡ፤ በቀን 30 ደቂቃ የእግር ጉዞ ጥሩ ጅምር ነው።
👉 ለስላሳውን በውኃ ይተኩ፤ የሻይ ስኳር ይቀንሱ።
👉 ሐኪሙን «ሌላ አማራጭ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። መድኃኒቱ ሊቀየር ወይም እንደ ሜትፎርሚን ያለ መድኃኒት ሊጨመር ይችላል።
👉 ሲጋራ ማቆም ትልቅ ጥቅም አለው። ነገር ግን ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን የሚወስድ ሰው ከማቆሙ በፊት ለሐኪሙ ይንገር፤ ሲያቆም የመድኃኒቱ መጠን በደም ውስጥ ከፍ ሊል ይችላል።

⚠️ ከባድ ጥማት፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ማስመለስና መፍዘዝ አብረው ከታዩ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ የዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

መድኃኒትን በራስ ማቋረጥ ሕመሙን ይመልሰዋል። በሚቀጥለው ቀጠሮ አንዲት ጥያቄ ብቻ ይዘው ይሂዱ፦ «ስኳሩና ግፊቱ መቼ ነው የተለካው?»

በቤቱ ታማሚ ላለው ወዳጅዎ ሼር ያድርጉለት።