ዳገቱ ሌላ፣ መስመሩ ሌላ፦ የርቀትና የጊዜ ግራፍ አነባበብ

ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከደጋው ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወስደው መንገድም ዳገትና ቁልቁለት ይፈራረቁበታል። በዚህ አገር ያደገ ተማሪ ወደ ላይ የወጣውን የግራፍ መስመር ዳገት፣ የወረደውን ቁልቁለት፣ አግድም የሄደውን ሜዳ አድርጎ ቢያነብ አይፈረድበትም። ሒሳቡ ራሱ «ተዳፋት» የሚለውን ቃል ከተራራ ተውሷል። ስሕተቱ ሰቆጣ የምትገኝበት የዋግ ኽምራ ብቻም አይደለም፤ የሒሳብ ትምህርት ተመራማሪዎች በየአገሩ ያገኙት ነው። ሆኖም ግራፉ ስለ መሬቱ አንዳች አይናገርም። የሚነግረን ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ተጓዡ ከመነሻው ምን ያህል እንደራቀ ብቻ ነው።

ለምሳሌ አንዲት ገበያተኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከቤቷ ወደ ሰቆጣ ተነሣች እንበል። በመጀመሪያው ሰዓት በሜዳው 5 ኪሎ ሜትር ሄደች። ቀጥሎ ያለው ዳገት 3 ኪሎ ሜትር ሆኖ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባት። ግማሽ ሰዓት ዐረፈች፤ የቀረውን 4 ኪሎ ሜትር በ1 ሰዓት ጨርሳ 5 ሰዓት ላይ ገበያ ደረሰች። እስከ 7 ሰዓት ገበያ ውላ፣ በመጣችበት መንገድ 10 ሰዓት ላይ ቤቷ ገባች።

ንባቡ ከዘንጎቹ ይጀምር። አግድሙ ዘንግ ጊዜን ይይዛል፤ ዜሮው የመነሻው ቅጽበት ከሆነ የጠዋቱ 2 ሰዓት በግራፉ ላይ 1 ይሆናል። በቋሚው ዘንግ ላይ የተጻፈው «ከቤት ያለ ርቀት» ከሆነ መስመሩ በመጨረሻ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ «በጠቅላላ የተሄደ ርቀት» ከሆነ ግን ጨርሶ ሳይወርድ 24 ኪሎ ሜትር ላይ ያበቃል። የእኛው የመጀመሪያው ነው። ቀጥሎ መስመሩን በታጠፈበት ሁሉ መክፈል፣ ከዚያም የየክፍሉን ተዳፋት ለማግኘት የርቀቱን ለውጥ ለጊዜው ለውጥ ማካፈል ነው፤ እስከ ገበያ ላሉት አራት ክፍሎች፦ 5 በሰዓት፣ 2 በሰዓት፣ ዜሮ፣ 4 በሰዓት። ዳገቱን የወጣችበት ክፍል ከሚወጡት መስመሮች ሁሉ ይበልጥ የተኛው መሆኑን ልብ ይሏል፤ ተራራው ሲቆም መስመሩ ይጋደማል። አግድሙ መስመር ዕረፍትና ገበያ ነው። የሚወርደው ደግሞ ወደ ቤት መመለስ ነው፤ ተዳፋቱ −4፣ ፍጥነቱ ግን 4 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው።

«ርቀትን ለጊዜ ማካፈል ካወቁ ግራፉ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። የመሄጃውን 12 ኪሎ ሜትር ለ4 ሰዓት ብናካፍል 3 እናገኛለን። ነገር ግን ገበያተኛዋ ከአራቱ ክፍሎች በአንዱም በዚህ ፍጥነት አልሄደችም፤ ዕረፍቷም በአማካዩ ውስጥ ተውጦ ቀርቷል። «ማንም እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ አይራመድም» የሚለው ሌላው ተቃውሞ እውነት አለው። ቀጥ ያለው መስመር የዚያች ክፍል አማካይ ነው፤ በየ10 ደቂቃው ብንለካ ብዙ እጥፋቶች ይወጡ ነበር። ይህ የአነባበቡን ሥርዓት አይለውጠውም፤ ክፍሎቹን ብቻ ያበዛል።

የመጨረሻው እርምጃ ግራፉን ጉዞ አድርጎ በቃል መተረክ ነው። ለማጣራት፣ ታሪኩን ያልሰማ ተማሪ መስመሩን ብቻ አይቶ ከ2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ምን እንደሆነ ይጠየቅ። «ወረደች» ወይም «ወጣች» ካለ ገና ሥዕል እያየ ነው። «ዝግ አለች፤ ዳገት ይሁን ጭነት ግን ግራፉ አይናገርም» ካለ በትክክል አንብቦታል።