ካርታህን ሳትከፍት አትልቀቅ

ልጄ፣ ዓርብ ማታ ፈርዋኒያ ካለው ክፍላችን አኩርፈህ ከወጣህ ወዲህ ስልክህን አታነሳም። ያን ምሽት በፖከር ጨዋታችን አዳዩም ፈራጁም እኔ ነበርኩ፤ የፈረድኩትም በአንተ ላይ ነው። ስለምወድህ ምክንያቱን ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ። አንብበውና ተቆጣኝ።

1. መጀመሪያ የሆነውን እናስታውስ። መሬት ላይ ለሁላችን ከተከፈቱት ካርታዎች መካከል ንጉሥ፣ አሥርና ዘጠኝ ነበሩ፤ በእጅህም አሥርና ዘጠኝ ይዘሃል፤ ሁለት ጥንድ ማለት ነው። መወራረዱ አልቆ ካርታ ማሳየት ብቻ ሲቀር ጓደኛህ «ሦስት ንጉሥ!» አለ። አንተ ተናደህ ካርታህን ገልብጠህ ወረወርከው። አንዱ በገንዘብ ፈንታ የምንወራረድበት ሽምብራ አጠገብ ቀረ፤ ሌላው ተንሸራቶ ከተጣሉት ካርታዎች ክምር መሃል ገባ። ከዚያ እሱ ሲከፍት በእጁ ያለው አንድ ንጉሥ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አሸናፊው አንተ ነበርክ።

2. «ከእጅ ከወጣ አለቀ» የሚሉ አሉ፤ ልክ አይደሉም። «ከክምሩ ጋር ትንሽ ከተነካካ ሞተ» የሚሉም ያጠብቁታል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው የፖከር ውድድር ዳኞች ማኅበር ሕግም ሆነ ቦብ ሲያፎን ያዘጋጀው የታወቀው የደንብ ስብስብ ለዳኛው ቦታ ይተዉለታል። ተገልብጦ የተጣለው ካርታ የማን እንደሆነ ያለ ጥርጥር ከታወቀና ሊለይ ከቻለ፣ ዳኛው ለጨዋታው ይበጃል ካለ ሊመልሰው ይችላል። ሁለቱም ካርታዎችህ ሽምብራው አጠገብ ቢቀሩ ኖሮ እመልስልህ ነበር። አንዱ ግን ክምሩ ውስጥ ገብቷል። አንተ «ዘጠኝ ነው» ትላለህ፤ እኔም አምንሃለሁ። ግን በእምነት ከክምር ካርታ ከወጣ፣ በሚቀጥለው ዓርብ ሌላው «የእኔ አስ ነበር» ሲል ምን እመልሳለሁ?

3. መወራረዱ ገና ሳያልቅ፣ ተራህ ደርሶ ሌላው ከተወራረደ በኋላ «ወጣሁ» ካልክ ወይም ካርታህን ገልብጠህ ወደ ፊት ከገፋህ ግን ወጥተሃል። እዚያ ላይ ክርክር የለም።

4. የሰው አፍ ካርታ አይደለም። የሚናገረው የተከፈተው ካርታ ነው። ጓደኛህ አውቆ ዋሽቶ ከሆነ ነውር ሠርቷል፤ ደንቡም እንዲህ ያለውን ይቀጣል። እሱን ለብቻው ገሥጬዋለሁ፤ ተሳስቼ ነው ብሎ ምሏል። ያም ሆነ ይህ፣ አንተ የለቀቅከው በዓይንህ ሳታይ ነው። ይህን የምልህ በእኔም ላይ ስለደረሰ ነው። ኩዌት በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት አሠሪዬ «የሦስት ወር ደመወዝህን ነገ ታገኛለህ፤ ዛሬ ፈርም» አለኝ። ፈረምኩ። ነገ አልመጣም፤ ወረቀቱ ግን ተቀበለ ይላል። ሳያዩ መልቀቅን ከዚያ ቀን ጀምሮ እፈራዋለሁ።

5. ስለዚህ ካርታ ማሳየት ሲደርስ ሁለቱንም ካርታ፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገህ ጠረጴዛ ላይ ዘርጋ። ያሸነፍክ ባይመስልህም ዘርጋ። በግልጽ የተዘረጋ አሸናፊ ካርታን አዳዩ ቢሳሳት እንኳ ሊገድለው አይችልም፤ ሁሉም አይቶታልና። ጨዋታው ሳያልቅ ደግሞ ካርታህን የምትጠብቀው አንተ ነህ። አንድ ሽምብራ ከላዩ አስቀምጥበት፤ ያልጠበቅከውን ካርታ አዳይ በስህተት ቢጠርገው አቤት የምትልበት የለህም።

6. ጌቶቼን ወንዶች ወደሚሰበሰቡበት ቤት፣ ወደ ዲዋኒያ፣ አድርሼ በር ላይ ስጠብቅ «ኩት ቦ ስታ» የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ሲጫወቱ ብዙ ምሽት አይቻለሁ። ስድስት ሰው፣ ሦስት በሦስት፣ 54 ካርታ፣ ለእያንዳንዱ ዘጠኝ። አንድ ሽማግሌ የማያስፈልግ ካርታ መሃል ላይ አኖሩ፤ ወዲያው እጃቸው ሊመልሰው ተንቀሳቀሰ። ማንም አልተናገረም። ጣቶቻቸው ካርታው ላይ ጥቂት ቆዩ፤ ከዚያ አነሷቸውና ሻይ አዘዙ። ቡድናቸው ያን ዙር ተሸነፈ። የእኛ ጨዋታ ሌላ ነው፤ የለቀቀችውን ካርታ ሳትመልስ የተነሳችውን ያችን እጅ ግን አልረሳትም።

7. በገንዘብ እንዳትጫወት። ሚርጋብም ሆነ ጅሊብ ማንም ቢጠራህ አትሂድ። በኩዌት ቁማር እ.ኤ.አ. በ1960 በወጣው የወንጀል ሕግ ክልክል ነው፤ እንደ እኛ በኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃድ፣ ለሚኖር ሰው ደግሞ ጣጣው ከቅጣቱ ይበልጣል። እናትህ የምትጠብቀው ሐዋላ አለ። እኛ ጋ የተሸነፈ ቡና ያፈላል፤ ከዚያ አያልፍም።

8. ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ና። ጓደኛህ ይቅርታ ሊልህ ይፈልጋል፤ ቡናውን ራሱ ቆልቶ ይጠብቅሃል። ሽምብራው በዚያው የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። የምታድለው አንተ ነህ።