ጣሪያው ሲወርድ ዕዳው አብሮ አይወርድም

ከሐርላ ገበሬዎች ማሽላና ጫት እየተረከበ ድሬዳዋ ላይ የሚያከፋፍል አንድ ነጋዴ አለ እንበል። ከባንክ የ3 ሚሊዮን ብር ኦቨርድራፍት ተፈቅዶለታል፤ ከዚህ ውስጥ 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብሩን ወስዶ እየሠራበት ነው። ዓመቱ ሞልቶ ውሉ ሲታደስ ባንኩ ጣሪያውን ወደ 2 ሚሊዮን ዝቅ ላድርገው አለው። ነጋዴው ደስ ብሎት ፈረመ፤ ዕዳ የቀነሰለት መስሎታል። ነገር ግን በዚያን ዕለት አንዲት ብር ሳይበደር ከተፈቀደለት በላይ የ400 ሺህ ብር ዕዳ ያለበት ሰው ሆኖ አደረ።

የብድር ጣሪያን ማስቀነስ ወይም የብድር ሂሳብን ማዘጋት ብዙ ነጋዴ እንደ ጥንቃቄ የሚያየው ነገር ነው። የኦቨርድራፍት ወለድ ግን የሚታሰበው በተፈቀደው ገንዘብ ላይ ሳይሆን በተወሰደው ላይ ነው። አንዳንድ ባንክ ላልተወሰደው ገንዘብ የሚያስከፍለው አነስተኛ ክፍያ ካልኖረ በስተቀር ጣሪያው ቢወርድ ወለዱ አይቀንስም። የሚቀንሰው የነጋዴው መተንፈሻ ነው።

ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በብሔራዊ ባንክ የብድር ምደባ መመሪያ መሠረት ከተፈቀደው ጣሪያ በላይ የሆነ ዕዳ ለ90 ተከታታይ ቀናት ከቆየ ብድሩ ከተበላሹ ብድሮች ተራ ይገባል። ኦቨርድራፍት ወርሃዊ ክፍያ የለውም ተብሎ የሚዘነጋ ብድር አይደለም፤ ወደ ሂሳቡ የሚገባው ገንዘብ ወለዱን መሸፈን አለበት፣ በዓመት ውስጥም ዕዳው ቢያንስ አንድ ጊዜ ከጣሪያው ወደ ትንሽ ድርሻ መውረድ ይኖርበታል። ይህ ድርሻ የሚለካው ከጣሪያው በመሆኑ፣ ጣሪያው ሲያንስ ነጋዴው ሊደርስበት የሚገባው ግብም አብሮ ይጠብቃል። ጫቱ በዱቤ የተሸጠበት፣ ማሽላው ገና መጋዘን ያለበት ሰው ይህን በሦስት ወር ውስጥ ማሟላት ምን ያህል እንደሚከብደው የቀፊራ ነጋዴ ያውቀዋል።

የተበላሸው ስም ደግሞ ከአንድ ቅርንጫፍ መዝገብ ውስጥ አይቀርም። እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ2004 በወጣ መመሪያ የተቋቋመው የብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል የየባንኩን ተበዳሪዎች ሁኔታ በአንድ ቦታ ይይዛል። ነጋዴው ተናዶ ወደ ሌላ ባንክ ቢሻገር የሚጠብቀው ያው መዝገብ ነው።

በዚህ ረገድ የአሜሪካው ልማድ ከእኛው ጋር ሲነጻጸር ትምህርት ይሰጣል። በዚያ አገር የባንክ ደንበኛ በብድር ነጥብ ይመዘናል፤ በስፋት የሚሠራበት የፋይኮ ነጥብ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። ከነጥቡ 35 በመቶ ያህሉ ዕዳን በወቅቱ ከመክፈል፣ 30 በመቶ ያህሉ ደግሞ ካለው ዕዳ መጠን የሚመጣ ነው። ዕዳው የሚታየው ከተፈቀደው ጣሪያ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ለምሳሌ ያህል እያንዳንዳቸው 5 ሺህ ዶላር የሚፈቅዱ ሁለት ክሬዲት ካርዶች ያሉት ሰው በአንደኛው ላይ 3 ሺህ ዶላር ዕዳ ቢኖርበት ከጣሪያው የተጠቀመው 30 በመቶ ነው። ዕዳ የሌለበትን ካርድ "ምን ይሠራልኛል?" ብሎ ቢዘጋው፣ ያው 3 ሺህ ዶላር 60 በመቶ ይሆንበታል። ዕዳው አልጨመረም፤ ነጥቡ ግን ይወርዳል። ቤት ለመግዛት ብድር ሊጠይቅ ባሰበበት ወር ይህን ያደረገ ሰው ወለዱ ከፍ ብሎ ሊጠብቀው ይችላል። ዕዳው ሲከፈል ይህ ጉዳት ይሽራል። ካርዱ ላይ ዕዳ ለሌለውና ዓመታዊ ክፍያው ለከበደው ሰው ግን መዝጋቱ እምብዛም አይጎዳውም፤ በንጹሕ የተዘጋ ሂሳብ ታሪኩ እስከ 10 ዓመት መዝገቡ ላይ ሊቆይለት ይችላል። ዘመድ ከውጭ ሆኖ በስልክ የሚሰጠው ምክር ድሬዳዋ ላይ እንዳለ የማይሠራውም ለዚህ ነው፦ እዚያ የሚፈረደው በመቶኛ ነው፣ እዚህ ግን ጣሪያውን በማለፍና ባለማለፍ ነው።

ባንኮቹስ ጣሪያ የሚቀንሱት ለምንድን ነው? ሁልጊዜ የነጋዴው ጥፋት አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም ይህ ወደ 18 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ገደብ ሲመጣ ባንኩ ገንዘብ የሚያገኘው ካልተነካ ጣሪያና ከሚታደስ ውል ነው። በዚህን ጊዜ በራሱ ፈቃድ ጣሪያውን ያስቀነሰ ነጋዴ በማግሥቱ መልሱልኝ ቢል ሰሚ አያገኝም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። የሐርላው ነጋዴ ከመፈረሙ በፊት ዱቤውን ሰብስቦ 400 ሺህ ብሩን ቢያስገባ፣ ወይም ልዩነቱ የሚከፈልበት የጊዜ ሰሌዳ ያለው ብድር ሆኖ እንዲለይለት በጽሑፍ ቢጠይቅ ኖሮ ያው ውል አይጎዳውም ነበር። የቤት ካርታ ለማስለቀቅ የሚፈልግም እንዲሁ ነው፤ መያዣው ሲወጣ ጣሪያው እንደሚወርድ አስቀድሞ ማስላት አለበት።

ሂሳቡን ጨርሶ የሚዘጋ ደግሞ የመጨረሻው ወለድ ተሰልቶ መከፈሉን ያጣራ። ከዕዳ ነፃ የሚል ደብዳቤ ይቀበል፤ በቤቱ ላይ የተመዘገበው እገዳ መነሣቱን እስከ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ይመልከት። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት ከብት ወይም ሸቀጥ በመያዣነት አስመዝግቦ ከሆነ የዚያም ምዝገባ መሰረዝ አለበት። ከዚያም በብድር መረጃ ማዕከሉ መዝገብ ላይ "ተከፍሏል" ተብሎ መስተካከሉን ባንኩን ይጠይቅ፤ የተረሳ የጥቂት መቶ ብር ወለድ የሰው ስም ይዞ ሊቆይ ይችላልና።