ፎር ዊል በእጅ ወይስ በኤሌክትሪክ?
ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የፒክአፕ መኪና አመራረጥና አያያዝ

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፒክአፕ መኪና ያላቸው ወይም ለመግዛት ያሰቡ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና አብረዋቸው የሚሠሩ የኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በማርሽ ዘንግ ከሚገባውና በኤሌክትሪክ ከሚገባው ፎር ዊል የትኛው ለሥራቸው እንደሚስማማ ራሳቸው እንዲወስኑ መርዳት ነው። ነገሩ የመኪና ቢመስልም በመሠረቱ የዘር ጉዳይ ስለሆነ በእርሻ ባለሙያ ተጽፎ ቀርቧል።

በአገራችን ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ይሸፍናል። ይህ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ደግሞ ያብጥና ውኃ ወደ ታች አላሳልፍ ይላል። ስለዚህ ገበሬው ክረምቱን ውኃ የተኛበትን ማሳ ጠብቆ፣ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም በቀሪው እርጥበት ሲዘራ ኖሯል። በበሬ የሚጎተተው ቢቢኤም ሰፊ መደብና ቦይ እያወጣ ትርፉን ውኃ ስለሚያንጠፈጥፍ፣ ስንዴን ቀደም ብሎ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መዝራት የሚቻል ሆኗል። ነገር ግን ቀደም ብሎ ለመዝራት፣ መንገዱ ከሁሉ በሚብስበት ሳምንት ዘሩ ማሳው ዳር መድረስ አለበት። መኪናው በጭቃ ተይዞ ከቀረ ግን የተዘጋጀው መደብ ያለ ዘር ይቆያል።

1. ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እስከ ማሳው

በአዲስ አበባ በአራዳ፣ በፒያሳ አካባቢ የሚገኘው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስሙን ያገኘው በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ሆነው ከተሾሙት ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነው። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃንሜዳ እስከተዛወረበት ጊዜ ድረስ ይህ ሠፈር የገጠር ጭነት መኪና የማይታጣበት ነበር። ከዚህ ተነሥቶ በዊንጌትና በአስኮ በኩል በቡራዩ፣ በሆለታና በጊንጪ ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ ለትምህርታችን ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። አስፋልቱ እስከ አምቦ ይዘልቃል፤ ከአስፋልቱ ወደ ቀበሌ ሲታጠፍ ጠጠር ይመጣል፤ ከጠጠሩ በኋላ ዋልካ ይከተላል። ስለዚህ አንዱ መኪና በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት መንገድ ያገኛል ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ የሐምሌ ወር ከአንድ ማኅበር ፒክአፕ ጋር በዚሁ መንገድ ተጉዞ ነበር። መኪናው ፎር ዊሉ በዳሽቦርድ ላይ ባለ ማዞሪያ የሚገባ፣ አዲስ ሊባል የሚችል ነው። ሆለታ ላይ የስንዴ ዘር ተጫነበት። ሾፌሩ ገና ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስንነሣ ካፊያ ስለነበረ «ለጥንቃቄ» ብሎ ማዞሪያውን ሊያዞር እጁን ሰድዶ ነበር። አስፋልት ላይ እንደማያስፈልግ ተነግሮት ተወው። ከጊንጪ አልፈን ወደ ቀበሌው ከታጠፍን በኋላ ግን ዋልካው ውስጥ ገብቶ ጎማው መሽከርከር ሲጀምር ነው ማዞሪያውን ያዞረው። መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ፤ ሳይረጋ ቀረ። ፎር ዊሉ አልገባም።

ሌላ ማኅበር አሮጌ ባለ ዘንግ ፒክአፕ ልኮ ሊያስወጣን ሞከረ። እርሱም ዘንጉን ፎር ኤች ላይ አድርጎ ሳለ የፊት ጎማዎቹ አልዞሩም። ሲታይ የቀኙ ጎማ ሎክ ተቆልፏል፤ የግራው ግን አልተቆለፈም። በዚህ መካከል መሸ፤ ዝናቡም ሌሊቱን አደረ። በማግሥቱ ዘሩ በአህያ ሲደርስ ከሥር የነበሩት ጆንያዎች ርሰው ነበር። የረጠበ ዘር ቶሎ ካልደረቀ ይበቅላል ወይም ይሻግታል፤ ስለዚህ እነዚያ ጆንያዎች ለዘር ሳይውሉ ቀሩ።

በኋላ በጋራዥ ሲመረመር፣ በአዲሱ መኪና ፎር ዊሉን የሚያስገባው የትንሹ ሞተር መሰኪያ ዝጎ ተገኘ። ካለፈው ክረምት ወዲህ አንድም ቀን አልተሞከረም። እንግዲህ የኤሌክትሪኩም የዘንጉም ፎር ዊል በአንድ ቀን አልሠራ ያለው በአንድ ምክንያት ነው፤ ሁለቱም ከክረምቱ በፊት አልተፈተኑም።

2. ፎር ዊል እንዴት ይሠራል?

ከካምቢዮው በስተኋላ ኃይል አከፋፋይ የሆነ ሌላ ካምቢዮ አለ። ይህ ካምቢዮ ሦስት አቋም አለው፦

ሀ. ቱ ኤች፦ ኃይል ለኋላ ጎማዎች ብቻ ይሄዳል። ለአስፋልትና ለደህና ጠጠር መንገድ ነው።
ለ. ፎር ኤች፦ ኃይል ለፊትም ለኋላም ይሄዳል፤ ፍጥነቱ አይቀንስም። ለሚያንሸራትት ጠጠርና ለቀላል ጭቃ ነው።
ሐ. ፎር ኤል፦ ኃይል ለአራቱም ይሄዳል፤ የመኪናው ፍጥነት ቀንሶ ጉልበቱ በብዙ መኪና ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ይጨምራል። ለከባድ ጭቃና ለገደላማ መንገድ ነው።

አብዛኞቹ ፒክአፖች በፎር ኤች ጊዜ የፊቱንና የኋላውን አንድ ላይ አጣብቀው ያስኬዳሉ። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማ ከኋላው የበለጠ ርቀት ይሄዳል። ጭቃ ላይ ጎማው ትንሽ በመንሸራተት ልዩነቱን ያቻችላል። አስፋልት ላይ ግን ይህን ማድረግ ስለማይችል ውጥረቱ በጥርሶቹና በዘንጎቹ ላይ ይወድቃል፤ መሪው ይከብዳል፤ ጎማ ይበላል፤ ፎር ዊሉም አልወጣ ይላል። በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አስፋልት ላይ ካፊያ ቢኖርም ቱ ኤች ይበቃል የተባለው ስለዚህ ነው። ፎር ዊል ፍሬን እንደማያግዝ ደግሞ መታወቅ አለበት፤ ቁልቁለት ላይ መኪናውን ቶሎ አያቆመውም።

3. በዘንግ የሚገባው

እንደ ላንድ ክሩዘር 79 ያሉት መኪናዎች እስከ ዛሬ በዘንግ ይሠራሉ። አሮጌዎቹ ሃይሉክሶችም እንዲሁ ናቸው። ብዙዎቹ በፊት ጎማዎች እምብርት ላይ በእጅ የሚዞር ሎክ አላቸው።

ጥቅሙ፦ ዘንጉ ከጥርሱ ጋር በብረት የተያያዘ ስለሆነ መግባቱ በእጅ ይታወቃል። ሽቦ ቢበጠስ ወይም ባትሪ ቢደክም ሥራውን አያስተጓጉልም። ብልሽቱን የወረዳ ከተማ መካኒክ በመፍቻ ሊያየው ይችላል።

ጉድለቱ፦ ሎኩ በእጅ የሚዞር ከሆነ ሾፌሩ ወርዶ ሁለቱንም መቆለፍ አለበት። አንዱ ብቻ ከተቆለፈ ኃይሉ ነጻ ወደሆነው ጎን ያመልጥና የፊት ጎማዎች ምንም አይስቡም። ዘንጉ ለረጅም ጊዜ ካልተነካ ይደርቃል። ሾፌሩ በተሳሳተ ቦታና ፍጥነት ቢያስገባው የሚከለክለው ነገር የለም።

4. በኤሌክትሪክ የሚገባው

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሃይሉክስ ሞዴል በብዙ አገሮች ዘንጉን ትቶ ማዞሪያ ይዞ መጥቷል። ሌሎች ዘመናዊ ፒክአፖችም ይህንኑ ይከተላሉ። ማዞሪያው ትእዛዙን ለመቆጣጠሪያ ሳጥን ይሰጣል፤ ሳጥኑም ትንሽ ሞተር አንቀሳቅሶ ጥርሱን ያገናኛል።

ጥቅሙ፦ ሾፌሩ ከወንበሩ አይነሣም። መኪናው ሳይቆምና ማርሹ ነጻ ሳይሆን ፎር ኤል ቢጠየቅ ሥርዓቱ እምቢ ይላል። ስለዚህ ሾፌር በሚለዋወጥበት ማኅበር ከስሕተት ይጠብቃል።

ጉድለቱ፦ በሽቦ፣ በፊውዝ፣ በመሰኪያና በባትሪ ላይ የተመሠረተ ነው። ውኃና ጭቃ መሰኪያውን ያዝገዋል። ሲበላሽ ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ጊዜ በኮምፒዩተር የሚመረምር ጋራዥ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ በየወረዳው አይገኝም። ማዞሪያው ፎር ኤል ላይ መሆኑ ጥርሱ ገብቷል ማለት አይደለም፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን ትቶ እስኪረጋ መጠበቅ ያስፈልጋል።

5. የትኛው ይመረጥ?

የማኅበሩ አመራር ከመወሰኑ በፊት የሚከተሉትን አራት ጥያቄዎች ይመልስ፦

1ኛ. መኪናው በዓመት ስንት ሳምንት ዋልካ ላይ ይሠራል?
2ኛ. የሚነዳው አንድ ቋሚ ሾፌር ነው ወይስ ብዙ ሰው?
3ኛ. በኤሌክትሪክ ሥራ የሠለጠነ ጋራዥ በግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ አለ?
4ኛ. የሚገዛው አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ?

ዋልካው የሚበዛበት፣ ጋራዥ የሚርቅበትና አንድ ኃላፊነት የሚሰማው ሾፌር ያለው ማኅበር ባለ ዘንጉን ቢመርጥ ይሻላል። አብዛኛው ጉዞው አስፋልትና ጠጠር የሆነ፣ ብዙ ሰው የሚነዳውና ለጋራዥ የሚቀርብ ማኅበር ባለ ማዞሪያው ይስማማዋል። ያገለገለ መኪና ሲገዛ ግን ዓይነቱ ምንም ይሁን፣ ከዚህ በታች የተጻፈው ፈተና ሳይደረግ ገንዘብ አይከፈል። ሻጩ መብራቱን አብርቶ ቢያሳይ በቂ አይደለም።

6. የክሪክ ፈተና

ይህ ፈተና በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ለሁለቱም ዓይነት ይደረጋል፦

ሀ. መኪናው ደልዳላ የአፈር ሜዳ ላይ ይቁም፤ አስፋልት ላይ አይደረግ።
ለ. በእጅ የሚዞር ሎክ ካለው ሁለቱም ይቆለፉ። ፎር ኤች ይግባና ጥቂት ሜትር ቀጥ ብሎ ይነዳ። መብራቱ መርጋት አለበት።
ሐ. የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ማርሽ ይግባ፤ ሞተር ይጥፋ፤ ለኋላ ጎማዎች ድንጋይ ይደረግ።
መ. አንዱ የፊት ጎማ ብቻ በክሪክ ከመሬት ይነሣ። ማንም ሰው ከመኪናው ሥር አይግባ።
ሠ. ጎማው በእጅ ይዙር። የማይዞር ከሆነ ፎር ዊሉ በእርግጥ ገብቷል። እንደ ልብ የሚዞር ከሆነ አልተገናኘም፤ ወደ ጋራዥ ይሂድ።

ከዚህ ሌላ በየወሩ አንድ ጊዜ በአፈር መንገድ ላይ ፎር ኤችና ፎር ኤል ገብተው ጥቂት ይነዳ። ዘይቱ ሁሉንም ክፍል ያዳርሳል፤ ሞተሩና ዘንጉም አይደርቁም። አራቱም ጎማዎች ልካቸውና የመበላታቸው መጠን ተመሳሳይ ይሁን። በኤሌክትሪክ ለሚሠራው ትርፍ ፊውዝ በመኪናው ውስጥ ይቀመጥ።

7. በጉዞ ላይ

ፎር ዊል የሚገባው ጭቃው ከመድረሱ በፊት ነው። ጎማ መሽከርከር ከጀመረ በኋላ ዋልካው በጎማው ጥርስ ይሞላና መያዣ ያሳጣዋል። ፎር ኤል ሲፈለግ መኪናው ቆሞ፣ ማርሹ ነጻ ሆኖ ይግባ። ፎር ኤች በጉዞ ላይ የሚገባበት የፍጥነት ገደብ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ስለሚገኝ ያ ይከበር። ወደ አስፋልት ሲመለሱ ቱ ኤች ይግባ፤ አልወጣ ካለ ጥቂት ሜትር ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መሄድ ብዙ ጊዜ ያላቅቀዋል።

ፎር ዊል ሁሉን አይችልም። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ጎማ ከተሽከረከሩ መኪናው ሊቆም ይችላል። ስለዚህ አካፋ፣ ገመድና ሳንቃ ይያዝ። ዘሩ ከሸራ በታች ብቻ ሳይሆን ከርብራብ በላይ ይጫን፤ ውኃ ከሥርም ይመጣልና።

መደምደሚያ

ማኅበር መኪና የሚገዛው አንድ ጊዜ ነው፤ ክረምት ግን በየዓመቱ ይመጣል። ዘንግም ሆነ ማዞሪያ በግንቦት ካልተፈተነ በሐምሌ አይታመንም። የኤክስቴንሽን ሠራተኞች የዘር ሥርጭት ዕቅድ ሲያወጡ የክሪክ ፈተናውን ቀንና የፈታኙን ስም በዕቅዱ ውስጥ ያስገቡ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የማኅበራችሁ መኪና ፎር ዊል ለመጨረሻ ጊዜ የተሞከረው መቼ ነው? ማንስ አየው?
2. ከመጋዘናችሁ እስከ ማሳ ድረስ አስፋልቱ፣ ጠጠሩና ዋልካው የት የት ይጀምራሉ?
3. መኪናው መንገድ ላይ ቢቀር ዘሩ በሌላ መንገድ እንዲደርስ ማን ኃላፊነት አለበት?