አደራ በቃልና አደራ በጽሑፍ፦ ለልጆች የሚተርፍ ንብረት እንዴት ይጠበቃል?



በቋንቋችን «አደራ» ከሚለው ቃል የሚከብድ ጥቂት ነው። በሞት አፋፍ ያለ ሰው በአልጋው ዙሪያ ለቆሙት ዘመዶቹ «ልጆቼን አደራ» ሲል፣ የተቀበለው ሰው ቃሉን ቢያፈርስ በሰማይም በምድርም እንደሚጠየቅበት ያውቃል። የአደራ በላ ስም ከሌባ ስም የከፋ ነው። ይህ ልማድ መልካም ነው፤ የሚነቅፈውም የለም። ሆኖም የቃል አደራ የሚያስረው የተቀባዩን ኅሊና ነው እንጂ ገንዘብ ጠያቂውን፣ ባንኩን ወይም የተቀባዩን ወራሾች አያስርም። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ሕግ ይህን ጉድለት እንዴት እንደሚሞላ ነው።

አስቀድሜ በቅርብ የማውቀውን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ሚስቱ ቀድማው ያረፈች አንድ አባት ሦስት ልጆች ነበሩት፤ የመጨረሻዪቱ ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች። ሕመሙ እንደማይለቀው በተረዳ ጊዜ ታናሽ ወንድሙን ጠርቶ መኖሪያ ቤቱን በስሙ አዞረለት። የተጻፈው ውል የሽያጭ ውል ነበር፤ ገንዘብ ግን አልተከፈለም። በመካከላቸው የነበረው ስምምነት ወንድምየው ቤቱን እያከራየ ልጆቹን እንዲያስተምርና ታናሺቱ አካለ መጠን ስትደርስ ለሦስቱም እንዲመልስላቸው ነበር። ይህን ሁለት ጎረቤቶች ሰምተዋል፤ በወረቀት ግን አንድም ቃል አልሰፈረም።

ወንድምየው አደራ በላ አልነበረም። ስድስት ዓመት ሙሉ ከኪራዩ አንዲት ብር ለራሱ ሳያስቀር ልጆቹን አስተማረ። ነገር ግን ለአንድ ወዳጁ የብድር ዋስ ሆነ፤ ወዳጁም ሳይከፍል ቀረ። በዋሱ ስም የተመዘገበ ንብረት ሲፈለግ የተገኘው ያ ቤት ነበረ። ጎረቤቶቹ «ቤቱ የሟች ልጆች ነው» ብለው ቢጮኹም በእጃቸው የያዙት ሰነድ አልነበረም፤ ያለው ሰነድ የሚለው «ሸጬለታለሁ» ነው። ቤቱ በሐራጅ ተሸጠ። ታናሺቱ ያን ጊዜ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር።

ይህን ታሪክ የሚሰሙ ብዙዎች ወንድምየውን «ለምን ዋስ ሆነ?» ብለው ይወቅሱታል። እኔ ግን ጥፋቱ ከወረቀቱ ይጀምራል ባይ ነኝ። ሁለት ቅን ሰዎች ለበጎ ነገር ሲሉ እውነት ያልሆነ ውል ጻፉ፤ ሕጉም የጻፉትን አመነላቸው።

ችግሩ አዲስ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክም ውስጥ የሚታወቅ ነው። ር.ሊ.ጳ. ሆኖርዮስ 3ኛ እ.ኤ.አ. በ1223 ያጸደቁት የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ማኅበር ደንብ ወንድሞች የራሳቸው ቤትም ሆነ መሬት እንዳይኖራቸው ይከለክላል። በ1224 ወደ እንግሊዝ አገር በገቡ ጊዜ ምእመናን መኖሪያ ሊሰጧቸው ወደዱ፤ እነርሱ ግን ባለቤት መሆን አይችሉም። ስለዚህ ቤቱና መሬቱ «ለወንድሞች መጠቀሚያ» ተብሎ በሌላ ሰው ወይም በከተማው ሕዝብ ስም ይያዝ ጀመር። እንዲህ ባለው አሠራር በስሙ የያዘው ሰው ቢክድ፣ የአገሩ መደበኛ ፍርድ ቤት የሚያየው ባለ ስሙን ብቻ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን የተበደሉት ለንጉሡ ቻንስለር አቤት ማለት ጀመሩ። ቻንስለሩ በዚያ ዘመን ብዙውን ጊዜ ጳጳስ ስለ ነበረ የሚፈርደው በኅሊና ሚዛን ነበር፤ በስምህ ያለው ንብረት ለሌላ ሰው ጥቅም የተሰጠህ ከሆነ ለዚያ ሰው ጥቅም አውለው ይል ነበር። ዛሬ በእንግሊዝና በአሜሪካ «ትረስት» የሚባለው የንብረት አደራ ከበቀለባቸው ሥሮች አንዱ ይህ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 516 ጀምሮ ይህንኑ የንብረት አደራ ይደነግጋል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ በዚያን ጊዜ በገዛ አገራቸው ሕግ ያልነበረውን ነገር ለእኛ ማስገባታቸው የሚያስገርም ነው። የሚያሳዝነው ግን ሕጉ ተጽፎ ሳለ የሚጠቀምበት ቤተሰብ እምብዛም አለመሆኑ ነው።

በንብረት አደራ ውስጥ ሦስት ወገኖች አሉ፦ ንብረቱን የሚሰጥ መሥራች፣ የሚያስተዳድር አደራ ጠባቂና የሚጠቀም ሰው። የተሰጠው ንብረት ከአደራ ጠባቂው የግል ሀብት ተለይቶ ራሱን ችሎ ይቆማል። አደራ ጠባቂው እንደ ባለቤት ሆኖ ያከራያል፣ ያሳድሳል፣ ገንዘብ ይሰበስባል፤ ሆኖም በጽሑፍ ሥልጣን ካልተሰጠው ወይም ፍርድ ቤት ካልፈቀደለት ቤቱን መሸጥ አይችልም፤ በነጻ ለሌላ መስጠትም አልተፈቀደለትም። ሒሳብ ያቀርባል፤ በቂ ምክንያት ሲገኝ ፍርድ ቤት ሊሽረው ይችላል። ከሁሉ በላይ የግል ገንዘብ ጠያቂዎቹ በአደራው ንብረት ላይ መብት የላቸውም። ያ አባት ከሐሰት ሽያጭ ይልቅ «ይህን ቤት ለሦስቱ ልጆቼ ጥቅም እንዲያስተዳድር ለወንድሜ በአደራ ሰጥቻለሁ» ብሎ በሥርዓቱ ጽፎ ቢሆን፣ የዋስትናው ዕዳ ወንድምየውን እንጂ የልጆቹን ቤት ባልነካ ነበር።

«ለሕፃናት ሞግዚት አለ፤ አደራ ጠባቂ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አሳዳሪ የልጁን አካልና አስተዳደግ ይጠብቃል፤ ሞግዚት ንብረቱን ያስተዳድራል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ ሰው ነው፤ ከአባትና ከእናት በሕይወት የቀረው ወላጅም እነዚህን በኑዛዜ መሰየም ይችላል። ነገር ግን ልጁ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው የሞግዚቱ ሥራ ያበቃል፤ ገና ያልበሰለው ወጣትም ሙሉውን ገንዘብ በአንድ ቀን ይረከባል። የንብረት አደራ ግን ከዚያም በኋላ ሊቀጥል ይችላል። በተለይ የአእምሮ ሕመም ወይም የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ ያላቸውን ወላጆች አስቡ። «እኔ ከሞትሁ በኋላ ማን ያበላው?» እያሉ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጡ እናቶች በየቁምስናችን አሉ። ለእነርሱ የቤት ኪራይ ገቢን በየወሩ ለልጁ ቀለብና መድኃኒት የሚያውል አደራ ጠባቂ በጽሑፍ መሰየም እውነተኛ ዕረፍት ነው።

አደራው የሚመሠረተው በስጦታ ወይም በኑዛዜ ነው። በሕይወት ሳሉ ቤት በስጦታ የሚሰጥ ከሆነ የግልጽ ኑዛዜን ሥርዓት መከተል ያስፈልጋል። ግልጽ ኑዛዜ ማለት ተጽፎ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት የሚነበብ፣ ወዲያውም ሁሉም የሚፈርሙበት ነው፤ በፊታቸው መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ውስጥ ካልተገለጸ ኑዛዜው አይጸናም። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የማዋዋል ሥልጣን ያለው ሹም ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። የቃል ኑዛዜ በሁለት ምስክሮች ፊት ቢፈቀድም ለቀብር ሥርዓት፣ ለአሳዳሪና ለሞግዚት ስያሜ፣ እያንዳንዱም ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው፤ ተናዛዡ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ይፈርሳል። እንግዲህ ቤት በቃል ኑዛዜ አይተላለፍም።

ስለ ባልና ሚስት የሚደረግ ስሕተት ደግሞ ብዙ ነው። ኑዛዜ ሳይኖር በሕግ የሚወርሱት አስቀድሞ ልጆች ናቸው፣ በእኩልነት። የሟች ሚስት ወይም ባል ከጋራ ንብረት ግማሹን ትወስዳለች ወይም ይወስዳል እንጂ የሟችን ድርሻ በሕግ አይወርሱም። ለትዳር ጓደኛው ሊተው የሚወድ ሰው ይጻፈው። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ሰዎች በጋራ የሚያደርጉት ኑዛዜ ግን ፈራሽ ስለሆነ ባልና ሚስት ለየብቻ ይናዘዙ።

የንብረት አደራ ዕዳን መሸሸጊያ አይደለም፤ የሟች ዕዳ አስቀድሞ ይከፈላል። ልጅን በስውር መንቀያም አይደለም፤ ሕጉ ልጁን የሚነቅል ተናዛዥ ይህን በግልጽ እንዲጽፍና ምክንያቱንም እንዲያስረዳ ያዝዛል። የገጠር መሬትን በተመለከተ፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ገበሬው የሚያወርሰው የይዞታ መብቱን ብቻ ነው፤ እርሱም በራሱ ሕግ ስለሚመራ በዚህ ትምህርት አንገባበትም። የቤተሰብ ሕግም በየክልሉ የተለየ ሊሆን ስለሚችል ከመጻፍ በፊት የሕግ ባለሙያ ማማከር ተገቢ ነው።

ለእናንተ ለመምህራን አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። በሽተኞችን ስትጎበኙ ስለ ኑዛዜ ብትጠየቁ አስረዱ፤ ግን የራሳችሁን ስም አታስጽፉ። ሟች ከመሞቱ በፊት ባሉት ስድስት ወራት መንፈሳዊ አገልግሎት ለሰጠው ሰው የተናዘዘለትን ነገር ፍርድ ቤት ሊሽረው ወይም ሊቀንሰው ይችላል። ከሕጉም በፊት ሐሜቱ ይደርሳል።

በገዛ እጅ ስለሚጻፍ ኑዛዜ ልጨምር። ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን የሚገልጽ፣ በየገጹም ቀንና ፊርማ ያለበት ከሆነ ያለ ምስክር ይጸናል። ይሁን እንጂ በሰባት ዓመት ውስጥ ለአዋዋይ ወይም ለፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተሰጠ ይፈርሳል። ከዓመታት በፊት ጽፋችሁ በሣጥን ያኖራችሁ ካላችሁ፣ ዛሬ አውጥታችሁ ቀኑን ተመልከቱ፤ ያለበትንም ስፍራ አንድ የምታምኑት ሰው ይወቅ።