የገዛ ልቡን የሚለምን ሰው



የጥንት ግብፅ ሲነሳ ቶሎ የሚታወሰን ፊርዓውንና ፒራሚዱ ነው አይደል? ዛሬ ግን በመዳፍ ስለምትያዝ አንዲት ድንጋይ ላውራችሁ።

ግብፆች አስከሬን ለማድረቅና ለመገነዝ 70 ቀን ያህል ይፈጅባቸው ነበር። አንጎሉን በአፍንጫ በኩል ያወጡና ይጥሉታል። ሳንባ፣ ጉበት፣ ጨጓራና አንጀት ወጥተው ለየብቻ ይቀመጣሉ። ገላው ናትሮን በሚባል ጨው ይደርቃል። ልብን ግን እዚያው ደረት ውስጥ ይተዉታል። የሰው ሐሳብም ሥራም ያለው ልቡ ውስጥ ነው ብለው ያምኑ ነበርና። ከሞት በኋላ ያ ልብ ሚዛን ላይ ይቀመጣል፤ በሌላው በኩል የእውነት ምልክት የሆነች ላባ አለች። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ የአዞ ራስ፣ የአንበሳ ደረትና የጉማሬ ዳሌ ያላት አውሬ ልቡን ትውጠዋለች፤ ለባለቤቱም ሁለተኛ ሞት ነው። (በእኛ ዘንድ የሚድነው መልካም ሥራው ሚዛን ላይ የከበደለት ሰው ነው፤ ልዩነቱን ልብ በሉ።)

ድንጋይቱ የምትመጣው እዚህ ላይ ነው። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች በአስከሬኖች ደረት ላይ፣ በግንዘቱ ጨርቅ መሐል፣ በጥንዚዛ ቅርፅ የተጠረበች፣ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ የሆነች ድንጋይ አግኝተዋል። ከሥሯ ጽሑፍ አለ። ሟቹ በጽሑፉ የሚለምነው የገዛ ልቡን ነው፤ በፍርዱ ፊት ተነስቶ እንዳይመሰክርበት።

እስቲ አስቡት። ይህ ሰው በ42 ዳኞች ፊት አልሰረቅኩም፣ አልገደልኩም፣ አልዋሸሁም እያለ ሊቆጥር ተዘጋጅቷል። የፈራው ግን ደረቱ ውስጥ ያለውን ምስክር ነው።

ገንዘብ ያለው ደግሞ እነዚህ ቃላት የተጻፉበትን ጥቅልል ይገዛል። ለንደን በሚገኘው ብሪቲሽ ሙዚየም ያለው የጸሐፊው የአኒ ጥቅልል 3,200 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ርዝመቱ ከ23 ሜትር በላይ ነበር። ከፊሉ አስቀድሞ ተጽፎ ለስም ክፍት ቦታ የተተወለት ሲሆን የአኒ ስም በኋላ ነው የገባበት። ገዢው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ንጹሕነቱ ተጽፎ አልቋል ማለት ነው! መጀመሪያ ሳነበው ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ግን ሳልጠየቅ በፊት የማዘጋጃቸው የራሴ ማስተባበያዎች ትዝ አሉኝ።

ሱረቱ ያሲን ውስጥ አፎች ታትመው እጆች እንደሚናገሩ፣ እግሮችም እንደሚመሰክሩ ተነግሮናል። በሱረቱ ፉሲለት ደግሞ ሰዎቹ ለምን መሰከራችሁብን ብለው የገዛ ቆዳቸውን ይጠይቃሉ። ዛሬ ሱረቱል ካህፍን ስትጨርሱ ፉሲለትን ከ20ኛው አንቀጽ ጀምራችሁ ክፈቱ፤ ቆዳዎቹ የሚሰጡት መልስ እዚያው አለ።